መምከርና ማማከር፤ ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ደሴትና ስለ አካባቢው የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ የቀረበ ትችት

፩. መነሻ

በሚሲዮን ትምህርት ቤት በነበርንበት ጊዜ ደሴት ማለት በዙሪያው ሁሉ ውሃ የከበበው የብስ ነው፤ በአንድ ወገን ከየብስ የተያያዘው ግን ባሕረ ገብ መሬት ይባላል ተብለን ተምረናል። ፈተናውንም እንዲሁ ጽፈን አልፈናል። በደቡብ ወሎ የሚገኘውን የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ባየን ጊዜ ግን ይህ ትርጓሜ ለፈተና እንጂ ለነገሩ የማይበቃ ሆኖ አገኘነው። ቦታው በጥንት መጻሕፍት ደሴት ነው፤ በአገሬው አፍም ደሴት መባሉ አልቀረም፤ ዛሬ ግን በእግር የሚገባበት ባሕረ ገብ መሬት ነው። ውሃው ሸሽቶ በደሴቱና በዳርቻው መካከል መሬት ተገልጦአል።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ የገዳሙን ታሪክ ለመተረክ አይደለም፤ ያንን ከእኛ የበለጡ ሊቃውንት ጽፈውታል። እኛ የምንመረምረው ሌላ ጉዳይ ነው። ሐይቁን፣ ዳርቻውንና ከበላዩ ያለውን ተራራ እንዴት እንጠቀምበት ብሎ ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ማንን መጠየቅ ይገባዋል? የሚጠይቀውስ መቼ ነው? የእኛ አስተያየት ባጭሩ ይህ ነው፤ በአገራችን «የኅብረተሰብ ምክክር» እየተባለ በየዕቅዱ መጨረሻ የሚጻፈው ነገር አብዛኛውን ጊዜ መምከር እንጂ ማማከር አይደለም። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ቢመስልም፣ የሐይቁም የሰዉም ዕድል የሚያያዘው በእርሱ ነው ብለን እናምናለን። (በጽሑፋችን ዓ.ም. ያልነው በእኛ አቈጣጠር፣ እ.ኤ.አ. ያልነው በአውሮፓውያን መሆኑን አንባቢ ይረዳልን።)

፪. ስለ ቃሉ

በአማርኛ መከረ የሚለው ግስ ብዙ ልጆች አሉት። አባት ልጁን ይመክራል፤ የንስሓ አባት የንስሓ ልጁን ይመክራል፤ ሼሁም ደረሳውን ይመክራል። በእነዚህ ሁሉ ነገሩ የሚወርደው ከዐዋቂው ወደ አላዋቂው ነው። «ምከረው ምከረው፤ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለውም ተረት የሚናገረው ስለዚሁ ነው፤ መካሪው አስቀድሞ ዐውቆ ጨርሶአል፤ የቀረው የተመካሪው እሺታ ብቻ ነው።

አማከረ ስንል ግን ነገሩ ይገለበጣል። በሬ ሊገዛ ያሰበ ገበሬ ጎረቤቱን ያማክራል፤ ልጁን ሊድር ያሰበ አባት ዘመዶቹን ያማክራል። የሚያማክር ሰው ጉዳዩ ገና አልተቈረጠም፤ ተቈርጦ ቢሆን ኖሮማ የሚያደርገው ማማከር ሳይሆን መንገር ይሆን ነበር። ተማከሩ ስንል ደግሞ ሁለቱም ወገን ሰጪም ተቀባይም ይሆናሉ።

አሜሪካዊቱ ሼሪ አርንስታይን በ1969 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የታወቀ ጽሑፍ የሕዝብን ተሳትፎ ስምንት እርከን ባለው መሰላል መስላዋለች። ከታች ማታለል አለ፤ ከላይ የሕዝብ ሥልጣን አለ፤ አስተያየት መጠየቅ በአራተኛው እርከን ላይ ሲሆን እርስዋ ይህን ለይስሙላ ከሚደረጉት ጋር ትቈጥረዋለች፤ የተጠየቀው ሰው ቃሉ እንደሚሠራበት ምንም መተማመኛ የለውምና። እኛ ወደ ባዕድ መሰላል ሳንሄድ በራሳችን ግስ ውስጥ ሦስት እርከን አለን፤ መከረ፣ አማከረ፣ ተማከረ። አንድ ዕቅድ በየትኛው እርከን ላይ እንደ ቆመ ለማወቅ «ሕዝቡ ሲጠየቅ ነገሩ ተቈርጦ ነበር ወይስ አልተቈረጠም?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

፫. ስለ ስፍራው

ሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች፤ የተሁለደሬ ወረዳ መቀመጫ ናት። ስምዋን የሰጣት ሐይቅ ስፋቱ ወደ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ይገመታል፤ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር ያልፋል። በስተደቡብ ምሥራቅ ከፍ ብሎ አርዲቦ የሚባል ሌላ ሐይቅ አለ፤ ከእርሱ የሚወጣው ውሃ ወደ ሐይቅ ይወርዳል። ሐይቅ ግን በምድር ላይ የሚታይ መውጫ ወንዝ የለውም። ይህን ነገር አንባቢ አጥብቆ እንዲይዝልን እንለምናለን። መውጫ የሌለው ሐይቅ ተራራው የላከለትን አፈር፣ እርሻው የላከለትን ማዳበሪያ፣ ከተማው የላከበትን ቈሻሻ ተቀብሎ ያስቀምጣል እንጂ ወደ ሌላ አያስተላልፍም። ከፍታውም የሚወሰነው በዝናቡና በትነቱ ሚዛን፣ እንዲሁም ከላይ በሚጠለፈው ውሃ ነው፤ ዛሬ የሸሸው ነገ ሊመለስ፣ ዛሬ የቆመው ነገ ሊሸሽ ይችላል።

ከዚህ የሚከተለው ግልጥ ነው። ለደሴቱ ብቻ የሚወጣ ዕቅድ ለደሴቱም አይጠቅመውም። ደሴቱን ደሴት ያደረገው ውሃ ነው፤ ውሃው ደግሞ የሚመጣው ደሴቱን አይቶ ከማያውቅ የኮረብታ ገበሬ ማሳ ነው።

በስተሰሜን ምዕራብ ያለው የአምባሰል ተራራ ዝናቡን ለዐባይና ለአዋሽ ተፋሰሶች የሚያካፍል ጀርባ ነው። አምባሰልን አብዛኛው ኢትዮጵያዊ የሚያውቀው ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች አንዱ በስሙ የሚጠራ በመሆኑ ነው፤ የታሪክ ተማሪ ደግሞ በውጫሌ ውል፣ በ1889 እ.ኤ.አ. ያውቀዋል። በዚያው በአምባሰል ያለው ግሸን ደብረ ከርቤ ውሃ ያልከበበው ደሴት ነው ብንል አናጋንንም። ዙሪያው ገደል ነው፤ በጥንት ዘመን የነገሥታቱ ልጆች ይጠበቁበት የነበረው ስለዚህ ነው። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ብዙ ሺህ ሰው ወደዚያ ጠባብ አምባ ይወጣል፤ ይጠጣል፤ ያበስላል፤ ያድራል። የሐይቅ ጥያቄ የግሸንም ጥያቄ ነው፤ የጥቂቶች መኖሪያ የሆነና የብዙዎች ተስፋ የተጣለበት ጠባብ መሬት በማን አሳብ ይተዳደር?

ገዳሙ የመሬትን ነገር ትናንት የጀመረው አይደለም። አባ ኢየሱስ ሞአ በ1248 እ.ኤ.አ. ወደ ደሴቱ መጥተው እስከ ዕረፍታቸው፣ እስከ 1292 እ.ኤ.አ. ድረስ መርተውታል፤ የገዳሙ አበምኔቶችም ዐቃቤ ሰዓት እየተባሉ በቤተ መንግሥት ታላቅ ሥልጣን ነበራቸው። ታደሰ ታምራት ስለ እነዚህ አበምኔቶች ባሳተሙት ጥናት ይህን በሰፊው አሳይተዋል። ለገዳሙ የተሰጠው የአባ ኢየሱስ ሞአ ወንጌል ወንጌል ብቻ አይደለም፤ በባዶ ገጾቹ ላይ የስጦታና የንብረት ማስታወሻ የተጻፈበት መዝገብም ነው። በ1531 እ.ኤ.አ. የኢማም አሕመድ ሠራዊት ወደ ደሴቱ ለመሻገር መንሳፈፊያ መሥራት ግድ ሆኖበት እንደ ነበር ፍቱሕ አል ሐበሻ ይተርካል፤ በዚያ ዘመን ውሃው አጥር ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ሲታወጅ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን የመሬት ይዞታ ቀረ፤ በገዳም መሬት ላይ የነበረው ገበሬ ባለይዞታ ሆነ።

እንግዲህ በሐይቅ ዳርቻ ሁለት ትዝታ ጎን ለጎን ይኖራል። መነኰሳቱ የነበራቸውን ያስታውሳሉ፤ ገበሬው ይከፍል የነበረውን ያስታውሳል። ካርታ ይዞ የሚመጣ ባለሙያ ይህን ሳይጠይቅ በወረቀቱ ላይ መስመር ቢያሰምር፣ እርሱ የድንበር መስመር መስሎት ያሰመረው በሁለቱ ወገኖች ዘንድ የድሮ ቁስል መንኪያ ሊሆን ይችላል።

፬. ካለፈው የምናገኘው ትምህርት

አንደኛ፤ የዓሣው ነገር። በዩኒቨርሲቲያችን ያስተምር የነበረው ባክስተርና ባልደረባው ጎሉቢትሽ ሐይቁን መርምረው በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ ውሃው እጅግ የጠራ መሆኑን መስክረው ነበር። በ1978 እ.ኤ.አ. ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ በሐይቁ ተጨመረ። በ1992 እ.ኤ.አ. ኤልሳቤጥ ከበደና ባልደረቦችዋ ባወጡት ጥናት የሐይቁ ውሃ በደቃቅ አረንጓዴ ዕፀዋት ብዛት እየደፈረሰ መሄዱ ተገለጠ። ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ ዓሣው እነዚያን ዕፀዋት ይበሉ የነበሩትን ጥቃቅን የውሃ ነፍሳት መብላቱ ነው።

ዓሣ ማስገባቱ ክፉ ነበር ለማለት አንደፍርም። ዛሬ በሐይቁ ዳር ኑሮአቸውን በዓሣ የመሠረቱ ሰዎች አሉ፤ የእነርሱ እንጀራ ቀላል ነገር አይደለም። የምንለው ሌላ ነው። አንድ ውሳኔ ለአንዱ እንጀራ ሲሰጥ ከሌላው የጠራ ውሃ ይወስዳል፤ ተቀባዩና ሰጪው አንድ ሰው አይደሉም። በእንዲህ ያለ ነገር ባለሙያው ትርፉንና ኪሳራውን በቍጥር ሊያሳይ ይችላል፤ ትርፉ ለኪሳራው ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለውን ግን ሊፈርድ የሚገባው ኪሳራውን የሚሸከመው ሰው ጭምር ነው።

ሁለተኛ፤ የተራራው ነገር። ከ1966 እና ከ1977 ዓ.ም. ረኀብ በኋላ በወሎ ተራሮች ላይ እርከን መሥራት፣ ችግኝ መትከልና ኮረብታን ከከብት መከለል ታላቅ ዘመቻ ሆኖ ነበር። ገበሬው ለሥራው እህል ይሰፈርለት ነበር። በደቡብ ወሎ ማይባር ላይ በ1981 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያም የአፈሩን መታጠብ በመስፈሪያ እየለካ ይመዘግብ ነበር። ዕውቀት አልጐደለም፤ ጉልበት አልጐደለም። ነገር ግን በ1983 ዓ.ም. መንግሥት በተለወጠ ጊዜ በብዙ ስፍራ የተከለለው ኮረብታ ተደፈረ፤ ዛፉም ተቈረጠ። ከብቱን የት ያሰማራ እንደ ሆነ ሳይጠየቅ ኮረብታው የተዘጋበት ገበሬ፣ ዛፉን የራሱ ጥላ ሳይሆን የመንግሥት ዘበኛ አድርጎ ያየው ነበር። ዘበኛው ሲሄድ ዛፉም አብሮ ሄደ።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል ያገራችን ሰው። በዚህ ነገር ግን አጥሩን የነቀነቀው ባለቤቱ ራሱ ነበር፤ አጥሩ የእርሱ መሆኑን ማንም አልነገረውምና።

ሦስተኛ፤ የገዳሙ ዛፍ። በዚያው ዘመን ሁሉ በእስጢፋኖስ ግቢ ያለው ዛፍ ቆሞአል። ለምን? ግዝት አለ፤ ፍርሃት አለ፤ ክብር አለ፤ ከሁሉም በላይ ዛፉ የማን እንደ ሆነና ለምን እንደ ቆመ ለሁሉም ግልጥ ነው። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን አይተው «የቤተ ክርስቲያን ደን ምሳሌ ይሁነን» ይላሉ። እኛም ደኑን እናደንቃለን፤ ምሳሌነቱን ግን በከፊል ብቻ እንቀበላለን። በግዝት የቆመ ዛፍ የምክር ፍሬ አይደለም። ደግሞም ግዝቱ የሚያስረው የሚያምንበትን ሰው ነው፤ በተሁለደሬ ደግሞ በሐይቁ ዙሪያ ከሚኖረው ሕዝብ ብዙው ሙስሊም ነው። የሐይቁን ዳርቻ ሁሉ በአንድ ወገን ሥርዓት እንጠብቀው ቢባል፣ ሌላው ወገን እንደ እንግዳ ይቈጠራል ማለት ነው። በወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቅሬ ተሰብስቦ ሬሳውን በአንድነት የሚቀብርበት ስፍራ ብዙ ነው፤ ለቀብር የተገኘ አንድነት ለውሃ የሚጠፋበት ምክንያት አይታየንም።

፭. ማን ይጠየቅ?

እኛ ራሳችን በወሎ ውስጥ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልገን አንድ ቀበሌ ስለ መሬት አጠቃቀም በተደረገ ስብሰባ ላይ በእንግድነት ተቀምጠን ነበር። ዕቅዱ ተነበበ፤ ንባቡም ረጅም ነበር። ካርታው በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አረንጓዴው የደን፣ ቢጫው የእርሻ፣ ሰማያዊው የውሃ መሆኑ ተነገረ። ሴቶቹ በበሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር፤ አንዳቸውም አልተናገሩም፤ እንዲናገሩም አልተጠየቁም። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ከብቶቻቸው በየትኛው መንገድ ወደ ውሃ እንደሚወርዱ ጠየቁ። በካርታው ላይ የከብት መንገድ አልነበረም። ነገሩ ወደፊት ይታያል ተባሉና ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ የስም መዝገብ ዞረ፤ ሁሉም ፈረመ፤ ጣቱን ቀለም የነከረም ነበረ። በማግሥቱ ያየነው ቃለ ጉባኤ ሕዝቡ ተወያይቶ በሙሉ ድምፅ እንደ ተስማማ ይናገራል።

በዚያ ስብሰባ ማንም አልዋሸም። ሰዎቹ መጥተዋል፤ ተቀምጠዋል፤ ፈርመዋል። ነገር ግን የሽማግሌው ጥያቄ ከዕቅዱ በፊት ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ ካርታው ሌላ ይሆን ነበር፤ ከዕቅዱ በኋላ ስለ ተጠየቀ ግን ሽማግሌው ሥራ አደናቃፊ መሰሉ። ያው ጥያቄ፣ ያው ሰው፤ የተለየው ጊዜው ብቻ ነው።

ይህን ወደ ሐይቅ እናምጣው። በሐይቅ ስለሚወጣ ዕቅድ መጠየቅ የሚገባቸውን ብንቈጥር መነኰሳቱ አሉ፤ ዓሣ አስጋሪዎቹ አሉ፤ በዳርቻው አትክልት፣ ፍራፍሬና ጫት የሚያለሙ አሉ፤ በዳርቻው ማረፊያ ቤት የሠሩና ለመሥራት ያሰቡ አሉ፤ ከበላይ፣ ከአርዲቦ በኩል ውሃ ጠልፈው መስኖ የሚያጠጡ አሉ፤ መሬት ያላገኙ ወጣቶች አሉ። ውሃ የሚቀዱና ልብስ የሚያጥቡ ሴቶችም አሉ።

ስለ መጨረሻዎቹ ጥቂት እንጨምር። በገዳሙ ሥርዓት ሴቶች ወደ ደሴቱ አይገቡም፤ በጣና ዳጋ እስጢፋኖስም፣ በግሪክ አገር ባለው በአቶስ ባሕረ ገብ መሬትም እንዲሁ ነው። ሥርዓቱን ለመንቀፍ አልተነሣንም፤ የገዳም ሥርዓት የገዳም ነው። ነገር ግን ስለ ደሴቱና ስለ ዳርቻው የሚደረግ ምክር በደሴቱ ላይ ከተደረገ፣ የሕዝቡ እኩሌታ በሥርዓት ከምክሩ ውጭ ሆነ ማለት ነው። አገሬው ስለ ሐይቁ አመጣጥ የሚተርከውን ተረት በዚህ ቦታ ማስታወስ ተገቢ መሰለን። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ግፍ ተፈጸመባት፤ እግዚአብሔርም ተቈጥቶ በዙሪያዋ ያለውን ምድር ሁሉ ውሃ አደረገው፤ ልዕልቲቱም ከነወገኖችዋ ሰጠመች፤ ሴቲቱ ተቀምጣበት የነበረው መሬት ብቻ ደሴት ሆኖ ቀረ ይባላል። በተረቱ መሠረት ደሴቱ የተገኘው አቤቱታዋ በሰው ዘንድ ሰሚ ባጣ ሴት ምክንያት ነው። ዛሬ ስለዚያው መሬት ሲመከር ሴቶቹ ከበሩ አጠገብ ዝም ብለው እንዲቀመጡ ማድረግ ተረቱን ራሱን አለማስተዋል ነው።

በደሴቱና በዳርቻው መካከል የተገለጠው መሬትም ሌላ ፈተና ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው የማን ርስት ነው የሚል ሳይሆን ማን ይጠቀምበት የሚል ነው። ለገዳሙ ያ መሬት የጥንት አጥሩ የፈረሰበት በር ነው፤ ለገበሬው ለም ማሳ ነው፤ ለነጋዴው ጥሩ እይታ ያለው ቦታ ነው፤ ለሐይቁ ለራሱ ደግሞ ዝናብ በበዛ ጊዜ የሚመለስበት አልጋው ነው። እነዚህ አራት አሳቦች በአንድ ካርታ ላይ በአንድ ቀለም ሊቀቡ አይችሉም።

፮. ስለ ሕጉ

ሕጉ ዝም ብሎአል ለማለት አይቻልም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከት ልማት ላይ አስተያየታቸው እንዲጠየቅ መብት ይሰጣል፤ በአንቀጽ 92ም የአካባቢ ፖሊሲና ሥራ ሲታቀድም ሲፈጸምም የሚመለከተው ሕዝብ አሳቡን እንዲገልጥ ያዛል። በ1992 እ.ኤ.አ. በሪዮ የወጣው መግለጫም በአሥረኛው መርሑ የአካባቢ ጉዳይ የሚመለከታቸው ሁሉ ሲሳተፉበት በተሻለ እንደሚፈጸም ይናገራል። ሲታቀድም የሚለውን ቃል አንባቢ ልብ ይበልልን። ሕገ መንግሥቱ የሚናገረው ስለ ማማከር ነው።

ወደ ዝርዝሩ ስንወርድ ግን ነገሩ ይለወጣል። ስለ አካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 ጥናቱ ለሕዝብ ይቅረብ፣ አስተያየትም ይሰብሰብበት፣ በተለይ የሚነካው ማኅበረሰብ የሰጠው አስተያየት በጥናቱ ይካተት ብሎ ደነገገ። መልካም ነው። ነገር ግን ሕዝቡ የሚጠራው ተጽፎ ባለቀ ጥናት ላይ ነው፤ ጥናቱም የሚጻፈው በተመረጠ ቦታ ላይ ስለ ታሰበ ሥራ ነው። ቦታውንና ሥራውን ሌላ ሰው መርጦ ጨርሶአል።

ስለ ገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም በ1997 ዓ.ም. የወጣውና በኋላ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 የተተካው አዋጅ ቁጥር 456 ደግሞ የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ በተፋሰስ ላይ ተመሥርቶ እንዲወጣ አዝዞ ነበር። ተዳፋቱ ከ60 በመቶ የበለጠ መሬት እንዳይታረስና ልቅ ግጦሽ እንዳይደረግበት ከለከለ፤ ከ31 እስከ 60 በመቶ የሆነው በእርከን ብቻ እንዲታረስ ፈቀደ። ሳይንሱ ትክክል ነው፤ እኛም አንቃወመውም። የምንተቸው የተዳፋቱ ልክ በመቶኛ ሲጻፍ በዚያ ተዳፋት ላይ የሚኖረው ሰው አሳብ የሚሰማበት መንገድ በዚያው መጠን በግልጥ አለመዘርዘሩን ነው። በአምባሰል ቍልቍለት ላይ ከ60 በመቶ የሚበልጠው ተዳፋት የአንድ ቤተሰብ ብቸኛ ማሳ ሊሆን ይችላል። ለዚያ ቤተሰብ አንቀጹ ትእዛዝ ነው፤ ምትክ ካልታሰበበት ደግሞ ስደት ነው።

፯. ሊቀርብ የሚችል ተቃውሞ

አንዳንድ ጓደኞቻችን በውይይት ጊዜ ሦስት ነገር አንሥተውብናል። ሕዝብን ሁሉ ማማከር ጊዜ ይፈጃል፤ ሐይቁ ደግሞ አይጠብቅም። ሕዝቡ ስለ ውሃ ኬሚስትሪ አያውቅም። ቢጠየቅም የሚመርጠው የዛሬውን ጥቅም ነው።

ስለ መጀመሪያው፤ ጊዜ መፍጀቱ እውነት ነው። ነገር ግን ተተክሎ የተቈረጠ ደን ከሁሉ የበለጠ ጊዜ የፈጀ ሥራ ነው፤ ሁለት ጊዜ መተከል አለበትና። ስለ ሁለተኛው፤ ገበሬው ኬሚስትሪ አያውቅም፤ ኬሚስቱም ውሃው በየትኛው ዓመት የት ድረስ እንደ ነበረና ከብቱ የት እንደሚጠጣ አያውቅም። የጐደለውን ሁለቱ እንዲሞላሉ ነው ማማከር ያስፈለገው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ አቃልለን ልናልፈው አንፈልግም። በሐረርጌ የነበረው የአለማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደርቆ ነበር። ለመስኖና ለከተማ ውሃ በየቀኑ ሲቀዳ ኖሮ ነው። ሐይቁን ላደርቅ ብሎ የተነሣ አንድም ሰው አልነበረም፤ እያንዳንዱ የወሰደው ለራሱ የሚበቃውን ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ ውሃውም ሲወሰድ እንዲሁ እያሳሳቀ ሄደ። ስለዚህ ሰው የዛሬን ጥቅም ይመርጣል የሚለው አነጋገር ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ልብ ብለን ብናይ ይህ የሚሆነው እያንዳንዱ ለብቻው ሲመርጥ ነው። ቀጂው ሁሉ በአንድ ቦታ ተቀምጦ የሁሉንም ቅጂ ድምር ቢያይ ኖሮ የሚመርጠው ሌላ ሊሆን ይችል ነበር። እንግዲህ ተቃውሞው የሚያስረዳው ማማከር እንደማያስፈልግ ሳይሆን ተለያይቶ መጠየቅ እንደማይበቃ ነው። ሰው መማከር አለበት፤ መማከር ደግሞ ሦስተኛው እርከን ነው። ይህም ሆኖ አንዳንድ ነገር በድምፅ ብልጫ የማይወሰን መኖሩን እናምናለን፤ የሐይቁን ሕይወት ፈጽሞ የሚያጠፋ ሥራ ሁሉም ቢስማማበት እንኳ ገና ያልተወለዱት አልተጠየቁም።

፰. መደምደሚያ

ትችት አፍርሶ ብቻ እንዳይቀር አራት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ባለሙያ ወደ ሐይቅ ሲሄድ በመጀመሪያው ቀን ባዶ ካርታ ይዞ ይሂድ፤ የከብት መንገዱን፣ የውሃ መቅጃውን፣ የድሮ የውሃ ዳርቻውን ሰዎቹ ራሳቸው ያመልክቱት። ሁለተኛ፣ ምክሩ ከደሴቱ ውጭ ይሁን፤ ሴቶችም ከወንዶች ጋር ብቻ ሳይሆን ለብቻቸውም ይሰብሰቡ፤ ቅሬው ያለ ደመወዝ የቆመ የታመነ ጉባኤ ነውና ይሠራበት። ሦስተኛ፣ ውሃው የለቀቀው መሬት በዳርቻው ያሉት ሁሉና የአርዲቦ መስኖ ተጠቃሚዎች በአንድነት እስኪማከሩበት ድረስ ለማንም አይመራ፤ የተመራ መሬት በምክር አይመለስም። አራተኛ፣ ከምክሩ በኋላ ባለሙያው ተመልሶ መጥቶ ከተባለው ውስጥ የተቀበለውን፣ ያልተቀበለውንና ያልተቀበለበትን ምክንያት ለተጠየቀው ሰው ይንገር። ያ ሽማግሌ የከብታቸው መንገድ ባይፈቀድላቸው እንኳ ለምን እንዳልተፈቀደ የማወቅ መብት አላቸው።

በመጨረሻ ትችቱን ወደ ራሳችን እናዙር። ከላይ የጠቀስናቸው የሐይቁ ውሃ ጥናቶች በእንግሊዝኛ ተጽፈው በውጭ አገር መጽሔቶች የወጡ ናቸው። ውሃው መደፍረሱን የመዘገቡት ቍጥሮች ውሃውን ለሚቀዳው ሰው በቋንቋው እንዲደርሱት ማድረግ የእኛ የተማሪዎቹና የመምህራኑ ፋንታ ነበር። እኛም ለዚህ ጽሑፍ ስንዘጋጅ በዳርቻው ያሉትን ሰዎች ጠይቀን፣ መልሳቸውን ይዘን ወደ ኮሌጃችን ተመልሰናል፤ የጻፍነውን ግን ገና አላሳየናቸውም። ባለሙያውን በወቀስንበት ሚዛን ብንመዘን እኛም ጐድለን እንገኛለን። ስለዚህ የዚህን ጽሑፍ ግልባጭ ይዘን ወደ ሐይቅ ለመመለስና በቅሬው ፊት ለማንበብ አስበናል። እነርሱ የሚያርሙትን ካረምን በኋላ፣ መምህሮቻችንና ጓደኞቻችንም ስሕተታችንን ቢያመለክቱን፣ ሁለቱንም እርማት በሚመጣው ቍጥር እናቀርባለን።